ከጋሼ ጋር ሱቅ፣ ከባለቤቴ ጋር ቤት፦ መነጋገርን ይማሩታል ወይ?

ጥያቄው፦

«34 ዓመቴ ነው። ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ አባታችን ጥሎልን ያለፈ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለን። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው የምንሠራው። በ12 ዓመት ይበልጡኛል፤ 'ጋሼ' እና 'አንቱ' እያልኩ ነው ያደግኩት። ጋሼ ዕቃ በዱቤ ይሰጣሉ፣ ደብተር ላይ አይጽፉም። ስናገራቸው ደንበኛ ፊት ይጮሁብኛል። ከዚያ ኩርፊያ ነው። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ገብቶ ታርቀን ነበር፤ ወር ሳይሞላው ተመለስንበት። ቤት ስገባ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ሆኗል። ጓደኛዬ የ3 ቀን የግጭት አፈታትና የተግባቦት ሥልጠና አለ፣ ተመዝገብ ይለኛል። እውነት ይሄ ነገር የሚማሩት ነው? ወይስ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው?»

የባለሙያ ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። በአጭሩ ልመልስልህ፦ አዎ፣ የሚማሩት ነው። በ3 ቀን ግን አይደለም። ደግሞ ከጻፍከው ውስጥ አንዱ ነገር ከነጭራሹ የንግግር ችግር አይመስለኝም፤ እሱን የትኛውም ሥልጠና አይነካውም። ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የሚማሩትን እንይ።

ቁጡነት፣ ዝምተኝነት፣ ቶሎ ሆድ የሚብሰው መሆን፣ አዎ፣ ሰው ይዞት የሚወለደው ነገር አለ። ግን ቅር ያለህን ነገር ሳትናገር ሰንብተህ አንድ ቀን የምትፈነዳው እንዲያ ሆነህ ስለተወለድክ አይደለም። ሌላ መንገድ ስላላየህ ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው ትልቁ ሲቆጣ ትንሹ ዝም ሲል እያየን ነው። መሃል ያለውን ማን አሳየን? የከፋውን ነገር ተናግሮ፣ ሳይሳደብ፣ ሳያኮርፍ፣ ማታ አብሮ እራት የሚበላ አባት ያየ ልጅ ሳያውቀው ይለምደዋል። ያላየው ደግሞ አድጎም ይማረዋል። እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን ድረው ካበቁ በኋላ እንኳ ሲማሩት አያለሁ።

አሁን ከሰውነት እንጀምር፤ ምክንያቱም ጋሼ ደንበኛ ፊት ሲጮሁብህ መጀመሪያ የሚለወጠው ሰውነትህ ነው። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በሲያትል ባልና ሚስቶችን እያስቀመጠ «የማትስማሙበትን ነገር ተነጋገሩ» ይላቸው ነበር። እየተነጋገሩ የልብ ምታቸውን ይለካል፣ ንግግራቸውን ይቀርጻል፣ ከዚያ ለዓመታት ይከታተላቸዋል። ካገኘው ነገር አንዱ ይሄ ነው፦ ሰው ተቆጥቶ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ የሚባለውን በአግባቡ መስማት ያቅተዋል። ሰውነቱ ለመደባደብ ወይም ለመሸሽ ተዘጋጅቷል። ያን ጊዜ ደብተር ብትዘረጋ፣ ሒሳብ ብትደምር፣ የአባታችሁን ስም ብትጠራ ዋጋ የለውም። ረገብ ለማለት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። ያውም ውጭ ወጥቶ «ቆይ አሳየዋለሁ» እያሉ ሳይሆን ሌላ ነገር ላይ ሆኖ ነው። ዕቃ መደርደር፣ እስከ አራዳ ድረስ ወክ ማድረግ፣ ፊትን መታጠብ።

እዚህ ላይ ስለ ኩርፊያ ልናገር። ወጣ ብሎ መመለስ እና ማኩረፍ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም ዝምታ ናቸው። ልዩነቱ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፦ «ጋሼ፣ አሁን ሁለታችንም ተናደናል፤ ማታ ሱቅ ስንዘጋ እንነጋገርበት።» ይህን ብሎ የወጣ ሰው ተመላሽ ነው። ሳይናገር የወጣ ሰው ደግሞ ሌላውን ይቀጣል። ኩርፊያ ቅጣት ነው። ክፋቱ ደግሞ ተቀጪው ለምን እንደተቀጣ ቁርጡን አለማወቁ ነው። ሳምንት ሲቆይ ዋናው ነገር ይረሳና ኩርፊያው ራሱ ሌላ ጥል ይሆናል፦ «እኔን እንኳ ሳምንት ሙሉ ዘጋኝ!»

ቀጥሎ አሽሙር። የጻፍከው ላይ የለም፤ ግን እንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ የሚሆነውን ስለማውቅ ልገምት። ጋሼ ከቆርቆሮው ክምር ጀርባ ናቸው። አንተ ምስማር ትመዝናለህ። ለሠራተኛው ልጅ ጮክ ብለህ «አንዳንዱ ሰው መስጠት እንጂ መጻፍ አያውቅም» ትለዋለህ። ልጁ አንገቱን ይደፋል። ጋሼ ሰምተዋል። እሳቸውም መልሰው ለልጁ፣ «ሀገር ሳያውቅ ሒሳብ የሚያውቅ መጣ» ይሉታል። ሁለታችሁም አልተነጋገራችሁም። ሁለታችሁም ግን ቆስላችኋል። መሃል ያለው ልጅ ደግሞ የማን ወገን እንደሚሆን ግራ ገብቶታል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሥራውን ለቆ ቢሄድ አይገርመኝም።

እኛ ጎንደሮች ነገር እናውቃለን፤ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ብለን ያደግን ነን። ለጨዋታ፣ ለምክር፣ ለሙሾ ትልቅ ሀብት ነው። ለዱቤ ደብተር ግን አይሆንም። «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለውን አባባል እወደዋለሁ፤ ሆኖም ብዙ ትዳርና ብዙ ሽርክና እዚች ላይ ሲሰበር አይቻለሁ። ብልህ ከሆነ ሳልነግረው ይገባዋል እንላለን። ካልገባው ደግሞ «አውቆ ነው» እንላለን። ሰውየው ግን አልገባውም። ምን እንደፈለግን በግልጽ የነገረው ሰው የለምና።

ታዲያ «አንቱ» የምትለውን ታላቅህን እንዴት ብለህ ትናገራለህ? ብዙ ሰው የሚፈራው እዚህ ጋ ነው፤ ግልጽ መናገር አለማክበር ይመስለዋል። አይደለም። እንዲህ ቢባልስ፦

«ጋሼ፣ ትናንት 20 ቆርቆሮ ወጥቷል፤ ደብተሩ ላይ ግን አላገኘሁትም። ሐሙስ ለአከፋፋዩ የምንከፍለው አለ፤ እንዳይጎድለን ጨንቆኛል። ዱቤ ሲሰጡ ያኔውኑ ቢጽፉት፣ ካልተመቸዎት ደግሞ ስሙንና ብዛቱን ቢነግሩኝ እኔው እጽፈዋለሁ።»

እስቲ ቀስ ብለህ እየው። መጀመሪያ የታየው ነገር ብቻ ተነገረ፦ 20 ቆርቆሮ፣ ደብተሩ ላይ የለም። «ሁልጊዜ» የለም፣ «መቼም» የለም፣ «አንቱ እኮ ድሮም» የለም። ጋሼ ይህን ሊክዱት አይችሉም፤ የሚያናድዳቸውም ነገር የለበትም። ሁለተኛ ያንተ ጭንቀት ተነገረ፣ ከነምክንያቱ። ሦስተኛ የተጠየቁት ነገር ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችል ነው። «ተባበሩኝ»፣ «ኃላፊነት ይሰማዎት» ብትላቸው ምን እንዲያደርጉ እንደፈለግክ አያውቁም። «ያኔውኑ ይጻፉት» ግን እጅን የሚያንቀሳቅስ ነገር ነው።

ይህን አነጋገር አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻል ሮዘንበርግ በ4 ነገር ያስቀምጠዋል፦ ያየኸው፣ የተሰማህ፣ የሚያስፈልግህ፣ የምትጠይቀው። ሥልጠና ብትገባ ይህንኑ ነው በሰሌዳ ላይ የሚጽፉልህ። ጥሩ ነው፣ ያዘው። ግን ቃል በቃል ይዘኸው ወደ ሱቅ አትሂድ። «ጋሼ፣ በውስጤ የተፈጠረው ስሜት...» ብለህ ብትጀምር ሰውየው ይደነግጣሉ። እኛ ሀገር ሰው ጭንቀቱን የሚናገርበት የራሱ ቃል አለው፦ ጨነቀኝ፣ ከበደኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ቅር አለኝ፣ ስጋት ገባኝ። በእነዚህ ተናገር። ታላቅ ወንድም «ቅር ብሎኛል» ሲባል ይሰማል፤ «አልተከበርኩም» ሲባል ግን የተከሰሰ ይመስለዋል።

ጊዜና ቦታ ከቃሉ እኩል ነው። ደንበኛ ፊት በፍጹም። ቅዳሜም አይሆንም፤ ገበያ ነው፣ ከገጠር የሚመጣው ሁሉ ሱቁን ይሞላዋል። በዐቢይ ጾም ከ9 ሰዓት በፊትም ለከባድ ወሬ አይመችም፤ በባዶ ሆድ ቶሎ እንቆጣለን። የኔ ምርጫ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ነው። ሁለታችሁ ብቻ፣ ሻይ ይዛችሁ፣ ደብተሩ መሃል ላይ። አጀማመሩ ላይ ተጠንቀቅ። ጎትማንና የሥራ ባልደረባው 124 አዲስ ተጋቢዎችን ሲጨቃጨቁ ቀርጸው ለ6 ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር። የማን ትዳር እንደሚፈርስ ለመገመት ከንግግራቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ብዙ ይናገሩ ነበር። በወቀሳ የተጀመረ ንግግር በወቀሳ ያልቃል። ጥናቱ የአሜሪካ ባልና ሚስት ላይ ነው፣ የእኛ ባህል ደግሞ ሌላ ነው፤ ያም ሆኖ በጩኸት ተጀምሮ በሰላም ያለቀ ነገር እኔም እምብዛም አላየሁም።

መናገሩ ይሄው ነው። መስማቱ ግን ይከብዳል፤ ልምምዱም ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ሰው ሲናገር አብዛኞቻችን መልስ እያዘጋጀን ነው። ካርል ሮጀርስ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ የሚመክረው ቀላል ነገር አለ፦ መልስ ከመስጠትህ በፊት የሰማኸውን በራስህ ቃል መልሰህ ንገረው፣ «አዎ፣ እንደሱ ነው» እስኪልህ ድረስ። ቀላል ይመስላል። ማታ ከባለቤትህ ጋር ሞክረው፤ ሦስተኛው ላይ «ግን እኮ» ስትል ራስህን ታገኘዋለህ።

ጋሼ ምናልባት እንዲህ ይሉሃል፦ «እነዚህ ሰዎች የአባባ ደንበኞች ናቸው። አባባ ሲታመም ከደጃፋችን አልጠፉም። እኔ ዛሬ ለቆርቆሮ 'ፈርምልኝ' ልበላቸው?» አንተ ቶሎ ብለህ «ታዲያ በዝምድና ሱቅ ይከስር?» ልትል ነው። አትበል። መጀመሪያ፣ «እንዲጽፉ ስጠይቅዎ ሰዎቹን ያላመንኳቸው እየመሰለዎት ነው። የአባባን ስም ማዋረድ ሆኖብዎታል፤ እንደሱ ነው ጋሼ?» በላቸው። ተስማማህ ማለት አይደለም። ሰማህ ማለት ነው። ሰው መሰማቱን ካወቀ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚጮኸው አልሰማ ያሉት ሲመስለው ነውና።

ይሄኔ አንድ ነገር ይገለጣል። አንተ የምትለው «ዱቤ ይጻፍ» ነው። እሳቸው የሚሉት «ዱቤ አይጻፍም» ነው። በዚህ ከቀጠላችሁ ከሁለት አንዳችሁ መሸነፍ አለባችሁ። ከዚያ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ፦ አንተ የምትፈልገው ለአከፋፋይ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ እንዳይጎድል ነው፤ እሳቸው የሚፈልጉት የአባታችሁ ደንበኛ እንዳይከፋ ነው። እነዚህ ሁለቱ አይጣሉም። ሜሪ ፓርከር ፎሌት የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1925 ስለዚህ ስትናገር የራሷን ገጠመኝ ታነሳለች። በሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ትንሽ ክፍል ውስጥ አንዱ መስኮቱ ይከፈት ይላል፣ እሷ ይዘጋ ትላለች። ያደረጉት ነገር ማንም ያልተቀመጠበትን የጎን ክፍል መስኮት መክፈት ነበር። ሰውየው የፈለገው አየር ነው፤ እሷ የጠላችው ነፋሱ በቀጥታ እንዲመታት ነው። ግማሽ ከፍተው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቅር ይላቸው ነበር።

የእናንተ የጎን ክፍል ምንድን ነው? እናንተ ትፈልጉታላችሁ እንጂ እኔ ከዚህ ሆኜ አልወስንም። ግን ለምሳሌ የአባታችሁን የቆዩ ደንበኞች በስም ለይታችሁ ለእነሱ ብቻ ዱቤ ሊኖር ይችላል። በአንድ ጊዜ በዱቤ የሚወጣው ዕቃ ጣሪያ ሊኖረው ይችላል። ደንበኛው ሳይፈርም እናንተው የምትጽፉበት ደብተር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «ፈርምልኝ» የሚለው ኀፍረት ይቀራል። የዛሬው ጊዜ ደግሞ ነገሩን እንዳከበደው አውቃለሁ። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ ይጠፋል፤ ሲከፈት ዋጋው ሌላ ነው። በዱቤ የሰጠኸው ገንዘብ ሲመለስልህ ያንኑ ዕቃ አይገዛም። ይህንን ለጋሼ በቁጥር አሳያቸው፦ ያኔ ስንት ተሸጠ፣ ዛሬ ስንት እየገባ ነው። ወቀሳ አትጨምርበት።

ሁሉ ነገር ግን አይፈታም። ይህንን ከአሁኑ ማወቅ ይሻላል። ጎትማን ባልና ሚስት ከሚጨቃጨቁበት ነገር 69 በመቶው ቋሚ ነው ይላል፤ ከባሕርይ ልዩነት የሚመጣ፣ ዓመት ቆይቶ የሚመለስ። ወንድማማችም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ጋሼ እጀ ሰፊ ናቸው። አንተ ቆጣሪ ነህ። ይህ አይለወጥም፤ ደግሞም ሱቁ ሁለታችሁንም ይፈልጋል። ደንበኛውን የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፣ ሱቁ እንዳይዘጋ የምታደርገው አንተ ነህ። ይህን ነግረሃቸው ታውቃለህ? ያው ተመራማሪ ጸንተው የቆዩ ባልና ሚስቶች እየተጨቃጨቁ እንኳ ለ1 መጥፎ ነገር 5 ያህል መልካም ነገር እንደሚለዋወጡ ጽፏል፤ ፈገግታም ቢሆን፣ «ልክ ነህ» ማለትም ቢሆን። ባለፈው ሳምንት ለጋሼ ካልከው ውስጥ ስንቱ መልካም ነበር? ቁጠረው።

ሁሉን ነገር ማንሳትም የለብህም። የሚታለፍ አለ። እኔ የምጠቀመው መለኪያ ቀላል ነው፦ ነገሩ ተኝተህ ስትነሳ ካለቀልህ እለፈው፤ ለሦስተኛ ሰው ካወራኸው ግን ለሚመለከተው ሰው ራሱ መንገር ነበረብህ።

ወደ ቤት እንሂድ። ከደብዳቤህ ሁሉ ያሳሰበኝ «በልጃችን በኩል» የሚለው ነው። «አባትህን እራት ቀርቧል በለው።» «እናትህን አልራበኝም በላት።» ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጣችሁ። ልጁ መልእክት ብቻ አይደለም የሚሸከመው። የእናቱን ፊት አይቶ ቃሉን ያለሳልሳል፤ የአባቱን ፊት አይቶ ይፈራል። ትልቅ ሰው መሥራት ያለበትን ሥራ እየሠራ ነው። ይህን ዛሬ ማታ ማቆም ትችላለህ። ለዚህ ሥልጠና አያስፈልግም። ኩርፊያው ባያልቅ እንኳ «እራት ቀርቧል?» ብለህ ራስህ ጠይቃት።

ከሱቅ የምታመጣውን ፊት በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር አለችኝ። በር ላይ እንደደረስክ፦ «ዛሬ ከጋሼ ጋር ተጋጭቼ ነው የመጣሁት፤ በአንቺ አይደለም። ትንሽ ልረፍና እነግርሻለሁ።» ይህችን ያልሰማች ሚስት ምን ታደርጋለች? የተኮሳተረ ፊት ታያለች፣ ምክንያቱን ራሷ ላይ ትፈልጋለች። ካላገኘችው ደግሞ አንተ ላይ ትፈጥረዋለች። ከዚያ እሷም ትዘጋለች። አንተ ደግሞ «ቤትም ሰላም የለም» ትላለህ። እንግዲህ የጋሼ 20 ቆርቆሮ ጓዳ ድረስ ገባ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ስትገባ ባለቤትህ «ዛሬ ውሃ መጣ፣ ጀሪካኑን ሁሉ ሞላሁት» ትልሃለች። አንተ ስልክህን እያየህ «እም» ትላለህ። ጎንደር ውስጥ ውሃ መምጣት ራሱ ወሬ ነው፤ ግን የነገረችህ ስለ ውሃው ብቻ አይደለም። ውሎዋን እያካፈለችህ፣ እዚህ ነህ ወይ እያለችህ ነው። ጎትማን እንዲህ ያሉ ትናንሽ ጥሪዎችን ቆጥሯል። ከ6 ዓመት በኋላ አብረው የቀጠሉት ባልና ሚስቶች ከ100 ጥሪ ለ86ቱ መልስ ይሰጡ ነበር። የተፋቱት ለ33ቱ ብቻ። መልሱ ትልቅ ነገር አይደለም፦ «ተመስገን! ስንት ሰዓት ላይ መጣ? ብቻሽን ነው የተሸከምሽው?» ይሄው ነው። የጠፋ ንግግር የሚመለሰው በእንዲህ ያለው ነው፤ «ተቀመጪ፣ ስለ ግንኙነታችን እንወያይ» ብሎ መጀመር ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል።

ደግነቱ እኛ ጋ ቡና አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሰው አይነሳም። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ሦስቱንም ጠጡ። በአቦል ቁም ነገር አታንሱ። ቡናው ሰውን ያላላዋል፤ ወደ በረካ ሲቃረብ ራሱ ይመጣል።

ይቅርታ ስትጠይቅ ደግሞ ጥፋቱን በስሙ ጥራው። «ካስቀየምኩሽ ይቅርታ» ጎዶሎ ነው፤ መቀየሟን ገና እየተጠራጠርክ ነው። «ማክሰኞ እናትሽ ፊት ስለቆጣሁሽ ይቅርታ፤ ትክክል አልነበረም» ሙሉ ነው። «ግን አንቺም» የሚል ካስከተልክበት ግን ባትጠይቃት ይሻላል።

አሁን መጀመሪያ ወዳልኩህ ነገር። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላል። ወንድሜ፣ ሱቁ የማን ነው?

«አባታችን ጥሎልን ያለፈ» ነው ያልከው። ውርሱ ተጣርቷል? ድርሻችሁ ታውቋል? ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? ደሞዝ ትቆርጣላችሁ ወይስ ሁለታችሁም ከመሳቢያው ታወጣላችሁ? ሌሎች እህት ወንድሞችስ አሉ? እነዚህ ካልተመለሱ የዱቤው ጭቅጭቅ ስለ ዱቤ አይደለም። ጋሼ ታላቅ ስለሆኑ ሱቁን የማስተዳደር ሥልጣን የእሳቸው ይመስላቸዋል። አንተ ወራሽ ስለሆንክ እኩል ነኝ ትላለህ። ሁለታችሁም ከራሳችሁ አንጻር ልክ ናችሁ፤ ያልተጻፈ ነገር ላይ ነው የቆማችሁት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሾች ውርሱ እስኪከፋፈል ድረስ በጋራ እንደሚይዙት፣ ክፍፍልም መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ክፍፍል ማለት ሱቁን መዝጋት አይደለም፤ ድርሻን አውቆ ሽርክናን በወረቀት ማድረግም ይቻላል። የሕግ ባለሙያ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። «አብራችሁ» ያልኩት በምክንያት ነው። ብቻህን ሄደህ ጋሼ ከሌላ ሰው ከሰሙ «ሊከሰኝ ነው» ይሆናል፤ ያን መመለስ ከባድ ነው።

ሽምግልናው ለምን እንዳልያዘም ከዚህ ጋር ይገናኛል። እኔ ሽምግልናን አከብራለሁ። ከውጭ የሚመጣው ሥልጠና ብዙ ብር ተከፍሎበት የሚያስተምረውን፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለትን፣ ሁለቱንም ለየብቻ ጠርቶ መስማትን፣ ቁጣው እስኪበርድ ቀጠሮ መስጠትን ሽማግሌዎቻችን ድሮም ያውቁታል። ግን ሁለት ቦታ ላይ ይስታሉ። አንደኛ፣ «ተው፣ ታላቅህ ነው» ብለው ይቋጩታል። ትንሹ በይሉኝታ እሺ ይላል፣ ልቡ ግን እሺ አላለም። ሁለተኛ፣ ጉልበት ተስሞ፣ ተቃቅፎ፣ ተመርቆ ሲያበቃ ሰኞ ጠዋት ደብተሩን ማን እንደሚይዝ የተናገረ የለም። ፍቅሩ ታርቋል፤ ሥራው አልታረቀም።

ስለዚህ ድጋሚ ሽማግሌ ከገባ እርቁን በአንድ ገጽ ጻፉት። ዱቤ ለማን፣ እስከ ስንት፣ ደብተሩን ማን ይይዛል፣ ሒሳብ በየስንት ቀኑ ይታያል፣ ካልተስማማን ለማን እንነግራለን። ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት። «በወንድማማች መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። በትህትና «ነገ ልጆቻችን እንዳይጣሉበት ነው» በሉት። ሕጉም እርቅን ያውቀዋል፤ በ2013 ዓ.ም. የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ወጥቶለታል።

ሥልጠናው ላይ ልመለስ። ከመመዝገብህ በፊት አዘጋጆቹን ጠይቅ፦ እኔ የምናገርበት ጊዜ አለ ወይ? ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ ጋሼና እንደ አንተ እየሆኑ የሚለማመዱበት ከሆነ፣ ከወር በኋላም መልሰው የሚያገኟችሁ ከሆነ ሂድ፣ ይጠቅምሃል። ሦስት ቀን ስላይድ እያዩ ሰርተፊኬት የሚሰጡበት ከሆነ ግን ገንዘብህን ቆጥብ። መኪና መንዳት በንድፈ ሐሳብ ብቻ የተማረ ሰው የለም። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ስላለ እዚያ ሄደህ ጠይቅ፤ ጥሩ ሰው ሊጠቁሙህ ይችላሉ። ልምምዱን ግን ዛሬም መጀመር ትችላለህ፤ ያውም ከትንሹ። ከጋሼ አትጀምር። ከባጃጅ ሾፌር ጋር መልስ ላይ ስትከራከር፣ አከፋፋዩ ዕቃ ሲያዘገይብህ፣ ያየኸውን ብቻ ተናግረህ የምትፈልገውን ጠይቅ። አፍህ ሲለምድ ወደ ከባዱ ትሄዳለህ።

አንድ ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልጨምር። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለጭቅጭቅ ነው። ዱላ ያለበት ቤት፣ አንዱ ሌላውን ፈርቶ የሚኖርበት ቤት ሌላ ነው። ለምትደበደብ ሴት «አነጋገርሽን አስተካክይ» ብሎ መምከር በደል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው የእሷ ደኅንነት ነው፤ እርቅ አይደለም።

«ጋሼ እምቢ ቢሉስ?» ትል ይሆናል። ሊሉ ይችላሉ። ሰኞ ጠዋት ተቀምጣችሁ፣ በአግባቡ ተናግረህ፣ የሚሉትን ሰምተህ፣ እሳቸው «ሱቁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ አበቃ» ቢሉ አትጩህ፣ አታኩርፍ። «እሺ ጋሼ፣ ሰምቻለሁ። በዚህ ግን መቀጠል ይከብደኛል። የአባባ ጓደኞች ባሉበት እንነጋገርበት» በላቸው። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ የምታሳየውን አዘጋጅ፦ ከዛሬ ጀምሮ ባሉት አራት ሳምንታት በዱቤ የወጣው ዕቃ በሙሉ፣ ቀኑ፣ ብዛቱ፣ የተመለሰውና ያልተመለሰው። ጋሼ የሚሰጡትንም ሆነ አንተ የምትሰጠውን እኩል ጻፍ። አንተም ዱቤ ትሰጣለህ፣ አይደል?